ቆጣሪ

ሜትሩን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ጫፉን፣ ዜሮው ያለበትን፤
መሐንዲሱ ወዲያ ሲጎትት፣ ረግጬ ቆሜ መሬቱን።
አበል በቀን መቶ ሰማንያ፣ ምሳም ውሃም ከራስ፤
ከቦርከና ዳር ተነስተን፣ በማሾ መሐል ስንገሰግስ፣
ጦይባ ሙሄ አጥር ስንደርስ፣
ፀሐይ ወደ ሐረጎ አዘንብላ ነበር።

አምስት ነን፤ ከቀበሌ አንድ፣ ከግብርና አንድ፣ ከመብራት ኃይል ሁለት፤
አምስተኛው እኔ፣ ስሜ ከቃለ ጉባኤው የሌለበት።
ልጆቿ ከሩቅ አይተውን «ቆጣሪ መጣ!» ብለው ሮጡ፤
ኩራዙን ከመደብ አውርደው፣ ሊጥሉት ይዘው መጡ።
እኛ ግን ሌላ ቆጣሪ ነን፤
ባሕር ዛፍ የምንቆጥር፣
ጌሾ በእግር፣ አጥር በሜትር።

ሎሚዋ ጋ ስንደርስ ነገር ተንገራገጨ።
ፍሬ የሰጠ አንድ ዋጋ፣ ያልሰጠ ሌላ ዋጋ፤
ሎሚዋ ግን አብባለች፣ ከሁለቱም ሳትጠጋ።
«አበባ የሚል ዓምድ የለም» አለ ባለሙያው፣ በጨዋ ደንብ፤
ጦይባ ሳቀች፤ «ሁለት ወር ናት፤ ጠብቋት፣ ይኸው መደብ።»
አልጠበቅናትም። «ያልሰጠ» ተብላ ተጻፈች፤
ንቡ ከላይዋ ሳይነሳ፣ ሠንጠረዥ ውስጥ ደረቀች።

አረንጓዴ ደብተሯን አወጣች፣ ከሳጥን፣ በፌስታል ጠቅልላ፤
የእሷም የሟች ባሏም ፎቶ፣ ማኅተሙ ሳይፈዝ ከኋላ።
በምሥራቅ አሊጋዝ፣ በምዕራብ ወራጅ ውሃ፣ በሰሜን መንገድ፤
ደቡቡን ብል በልቶታል፤ «እሱን እኔ አውቀዋለሁ በልምድ።»
«የኔ ነው ይላል፤ አንብቡት።»
«ይዞታሽ ነው የሚል» አለ የቀበሌው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤
«መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ካሳው ለበቀለበት ነው።»
«ሕዝብ ማነው?»
«አንቺም ነሽ።»
«እንግዲያ ከኔ ወስዳችሁ ለኔ ነዋ የምትሰጡት!»
የመብራት ኃይሎቹ ዝም አሉ፤ ስልካቸውን ነበር የሚያዩት።

በዓመቱ ብረቱ ቆመ፣ አራት እግሩን ዘርግቶ፤
ከፍተኛ ኃይል በአናቷ አለፈ፣ ጎጆዋን ዘሎ፣ ትቶ፣
ወደ ፓርኩ ሼዶች ሄደ፣ ጃኬት በደርዘን ወደሚሰፋበት፣
ባለሀብት እንዳይሸሽ ተብሎ ታሪፉ ወደሚቀልበት።

ድጎማ ክፉ ነው አልልም፤ እኔም እበላበታለሁ፤
እህቴ እዚያው ነው የምትሰፋ፣ ደሞዟን አውቀዋለሁ።
ለድሃም አለው ይባላል፣ ጥቂት ለሚያበራ ቤት፤
ግን ድጎማ በሽቦ ነው የሚሄድ፤ እንጃ ሽቦ ለሌለበት።
ጦይባ በወር ዜሮ ታበራለች።
ዜሮ በምን ይደጎማል?
ነጭ ጋዝ በጠርሙስ ትገዛለች፤ የዚያስ ድጎማ ተነስቷል።

ካሳው ተከፍሏል፤ አልዋሽም። በአሥራ አንደኛው ወር፣
ቆርቆሮ እጥፍ ከሆነ ወዲያ፤ ግማሹ ለጣራ፣ ግማሹ ለብድር።
የብዙ ዓመት ምርት ብለን በካልኩሌተር ያባዛነው
ሁለተኛውን ክረምት አላየም።

እኔ አሁን ደሴ ነኝ፤ ሆጤ፣ ኪራይ ቤት፣ ባለ ካርድ ቆጣሪ፤
ሌሊት ቀይ ዓይኑን ያርገበግባል፣ በር እንደሚመታ አበዳሪ።
ሠላሳ ብር ቀረህ ይለኛል።
ጠፍቶ ስተኛ፣ በጨለማ፣
ሜትሩ ይመጣብኛል፤ ዜሮው ከእግሬ ሥር።

ቅዳሜ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ጦይባ፣ ፍየሏን ከብረቱ እግር አስራ፣
ጥላው ውስጥ ማሾ ትለቅማለች፣ ቀና ሳትል ከሥራ።
«ይኼን አልቆጠራችሁትም» አለችኝ፣ በሰፌዷ ጥላውን እያሳየች፤
«ካሳ ያልበላሁበት የኔ ነው» ብላ ቦታ ለቀቀች።
«ጠዋት ከወንዙ ይተኛል፤ ቀትር ከብረቱ ሥር ይገባል፤
ማታ ደብተር ሳያሳይ የአሊጋዝን ማሳ ያርሳል።
እከተለዋለሁ እኔም።»
ተነሳች። አንድ ክንድ ወደ ምሥራቅ ተጠጋች፣ ጥላው ሄዶ ነበርና።
ሳላስበው በእርምጃ ለካሁት፤
ሁለት ከግማሽ።

ትንሹ ልጇ ከበር ላይ አየኝ። ረዝሟል።
አላፏጨም፤ አልሮጠም።