የቲማቲም ማሰሪያ

ቪላ ዶ ኮንድ ላይ፣ ዝናብ በዋለበት፣
ዙልሚራ ጠራችኝ፣ የዳንቴል እመቤት።
"ስክሪኑ ሰፊ ነው፤ ምስሉ ግን ድፍርስ፤
ለዚህ ኖሯል እንዴ ጡረታ የሚፈስ?"

ንድፏን ስመለከት፣ ሺህ ክር አንድ ላይ
ተለውሶ፣ ገንፎ ሆኖ ነው የሚታይ።
ቅንብሩን ብከፍተው ቆሟል ሺህ ሰማንያ፤
ከዚያ ወዲያ በቃ፣ የለውም ማለፊያ።
ድራይቨር አደስኩ፣ አጠፋሁ፣ አበራሁ፤
ስክሪኑን ረገምኩት፣ ካርዱን ነቅዬ አጠራሁ።

"እኛ ዘንድ" አለችኝ፣ ጣቷን ሰዳ ከሥር፣
"ዳንቴል ሲበላሽብን ቀድመን የምናየው ክር።"
እውነትም ገመዱ የሟች ወንድሟ ቅርስ፣
ከአሮጌ ቴሌቪዥን የተረፈ ውርስ።

"ከስክሪኑ ጋር የመጣውስ?" አልኳት። አፈረች።
በረንዳ ወጥታ
በእሱ ያሰረችውን ቲማቲም ፈታች።

ጭቃውን ጠርጌ ዲስፕሌይፖርት ላይ ስሰካ፣
ሺህ አራት መቶ አርባ! ያ ሁሉ ክር ለካ
ለየብቻ ነበር። ዙልሚራ ዝም አለች፤
መነጽሯን አውልቃ፣ መልሳ አደረገች።

"አንድ ክር ዘልያለሁ፣ እዚች ጋ፣ ከግራ፤
በዚህ ንድፍ ተድራለች ስንትና ስንት ሙሽራ።"

ቆይታም፣ "ጥራት ደግ ነበር፣ ሁሉን ካላሳየው።
ያን የወንድሜን ገመድ
ወዴት ነው የጣልከው?"