የአባባ ቀኝ ጉንጭ

አክሪሊክ ችኩል ነው፤ ሳልጨርስ ይደርቃል፤
ዘይት ቀለም ግና፣ የደሴን ጉም ለብሶ፣
ሳምንት ያንቀላፋል።

ጥፍር በምታክል ፊት፣ ባለ ሦስት ጠጉር ብሩሽ ይዤ፣
አባባን ከኤንትሬው መሪ ኋላ አስቀመጥኩት።
ቀኝ ጉንጩን አጠቆርኩት፦
ሃያ ዓመት የሐረጎ ፀሐይ በመስኮት የላሰው ጉንጭ ነው።
ግንባሩን በስስ ቡኒ አጠብኩ፤
ለዓይኑ ነጭ ነጥብ፣
ትንፋሼን ውጬ።

እናቴ ሰዓዳ መነጽሯን አድርጋ
አገላብጣ አየችው።
«እሱስ እሱ ነው።
ዓይኑ ግን ሰፋ።
ይማም መቼ እንዲህ አፍጥጦ ያውቃል?
ኮምቦልቻ ሲወርድ ጨፈን አድርጎ ነው እንጂ!»

መስኮቱን ከፈትኩ። ጦሳ የለም፤
ጉሙ ገብቶ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ።
እሰይ፣ ዘይቱ ገና እርጥብ ነው።
የዓይኑን ቆብ በመርፌ ጫፍ
ዝቅ፣
ትንሽ ዝቅ አደረግኩለት፤
አልከደንኩትም።