ቀሪ

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ስልኬ ኮሞዲኖውን ሲነዝረው፣
ማን እንደሆነ ሳላይ «ምንዎን አመመዎ?» ነው የምለው።
ዊኒፔግ ነው፣ ጥር ነው፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት፤
መኪኖች በኤሌክትሪክ ገመድ እንደ ከብት ታስረው ያደሩበት፣
ሰውም እንደ መኪናው ሞተሩ አልነሳ የሚልበት።

«ጉሮሮዬ» ትለኛለች የፈረንሳይኛዋ ማዳም ደዣርዳን፤
ከጉሮሮዋ ኋላ የሻንጣ ዚፕ ይሰማል፣ ሲዘጋ።
ምን ቸገረኝ? «ጉሮሮ» ብዬ እጽፋለሁ።
ሳንዱ፣ ሒሳብ፦ ልጁን አተኩሶታል። ይሄ እውነት ነው፤
ልጁ ራሱ በስልኩ ውስጥ ይመሰክራል፣ እያለቀሰ።
ማካራኤግ፣ ስፖርት፦ ጉልበቷ። በረዶው አንሸራቷት።

ሦስት ቀዳዳ፣ ገና ሳይነጋ።
ተተኪ መምህራን አሉኝ፣ በወረቀት ሃያ ሁለት ስም፤
ከሃያ ሁለቱ በዚህ ብርድ ስልክ የሚያነሳ ሦስት አይሞላም።
ሽማግሌው ቶርቫልድሰን ግን ሁሌም «መጣሁ» ነው መልሱ፤
ፊዚክስ ስጡት፣ ታሪክ ስጡት፣ ርዕሱ ያው ነው ርዕሱ፦
የሐይቅ በረዶ በስቶ ዓሣ ማጥመድ።
ተማሪዎቹ ይወዱታል። ፈተና ላይ ግን ዓሣው አይመጣም።

የተረፈውን እኔ እጥፈዋለሁ፤ ከእጅጌው ቀድጄ ለጉልበቱ፣
የሙዚቃውን መምህር ለአልጀብራ፣ የባዮሎጂዋን ለስፖርቱ።
በኮሪደሩ ብቅ ስል መምህራን ፎቶ ኮፒ ክፍል የሚሸሸጉት፣
እንደ አራጣ አበዳሪ ኮቴዬን ከሩቅ የሚለዩት
ነጻ ክፍለ ጊዜያቸውን ስለምበላ ነው።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሁሉም ተደፈነ ብዬ ሻዬን ሳነሳ፣
አንዲት ልጅ መስኮቴን አንኳኳች።
«ሚስተር ኮዋልቹክ የሉም።»
ኮዋልቹክ? ኬሚስትሪ?
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ያልቀረ፣
ጉንፋኑን እንኳ ለክረምት ዕረፍት የሚያስቀምጥ ሰው?
ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ተዘጋ።
የምልከው ሰው አልነበረኝም፤ ከራሴ በቀር።
በሬ ላይ «እመለሳለሁ» ለጥፌ ወጣሁ፣ ሁለተኛ ፎቅ።

«አንቺ ነሽ ተተኪዋ?» አለኝ ከኋላ ያለው ረጅሙ።
«መድፈኛ ነኝ» አልኩት። «ገጽ ሰባን አውጡ።»
ከዚህ በላይ ኬሚስትሪ አላውቅም።
ስም ልጥራ ብዬ ወደ መስኮቱ ስዞር አየሁት፦
ሰማያዊው ፒካፕ፣ ሞተሩ በርቶ፣ ጭሱ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣
መስታወቱ በትንፋሽ ታፍኖ፣
ሁለት እጅ በመሪው ላይ።
በዙሪያው ያለውን የሌሊት በረዶ እግር አልረገጠውም።

መጋረጃውን ዝቅ አደረግኩት።
«ለምን?» አሉኝ።
«ፀሐይዋ» አልኩ። ደመና ነበር።
በሥራ ዘመኔ ስንት ክፍል ሸፍኛለሁ፤
ሰው የሸፈንኩት ግን ያን ቀን ነው።

ደወሉ ሲደወል ወረድኩ፤ በሩን ከፍቼ ከጎኑ ገባሁ።
«እጄ አልላቀቅም አለኝ» አለ፣ መሪውን እያየ።
እሺ አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?
እስከሚቀጥለው ደወል ዝም ብለን ማሞቂያውን ሰማን።
«አራተኛውን ክፍለ ጊዜ ማን ያዘው?»
«ቶርቫልድሰን።»
«ዓሣ» አለ።
ሳቀ ልበል? በአፍንጫው ትንሽ አየር አለፈ፤
ከመሪው ላይ አንድ ጣት ተላቀቀ።

ማታ ቅጹን ስሞላ፣ «ምክንያት» የሚለው ዓምድ በቁጥር ነው፦
አንድ ሕመም፣ ሁለት ሐዘን፣ ሦስት ሥልጠና፣ አራት የፍርድ ቤት ጥሪ።
አምስት የለም።
በኅዳጉ ላይ በፊደሌ ጻፍኩ፦ ቀሪ።
በእኛ አፍ ያልመጣውም ቀሪ ነው፣ ያልሄደውም ቀሪ፤
እሱ ሁለቱንም ነበር፣ ከንጋት እስከ አራት ሰዓት።

በማግስቱ ስልኩ አንዴ ጮሆ ሳይጨርስ አነሳሁት፣
የእሱ በሆነ፣ «ዛሬ አልመጣም» ባለኝ እያልኩ።
«ጉሮሮዬ» አለች ማዳም ደዣርዳን።
ከኋላዋ ባሕር ይሰማል።