ጓዳውን ለኪልኝ

ግንበኛ ነኝ እኔ፣ ግድግዳ አውቃለሁ፤
ውፍረቱን በጣቴ መትቼ እለያለሁ።
ሱሉልታ ዳርቻ፣ ከተማው ካለቀበት፣
ስንቱን ቪላ ለሰንኩ፣ ስንቱን ጨረቃ ቤት።
ያን ዕለት ግን ክሊኒክ፣ ከእህቴ ጎን ቆሜ፣
"ግድግዳው ወፍሯል" ሲባል ከዳኝ አቅሜ።

ሌንሴ ትሮጣለች። ስምንት ዓመት ሆናት፣
በጫንጮ መንገድ ላይ፣ ገና ሳይነጋላት፣
ድንጋይ የጫነ አይሱዙ ጡሩንባ እየነፋባት።
የካባውን አቧራ ከውርጩ ጋር ተንፍሳ
ትመለሳለች ቤት፣ ላቧን እንደ ጋቢ ለብሳ።

ክለብ ሊያስፈርማት "ልቧ ይታይ" አለና
በጎኗ ተኛች፣ ደረቷን ቅባት ተቀባችና፤
ስክሪኑ ላይ ወጣ፣ ግራጫ፣ እየተርገበገበ፣
የእናቴ ልጅ ልብ፣
እንደ ጨቅላ መዳፍ እየተከፈተ፣ እየተሰበሰበ።

ዶክተር ውባለም ሁለት ጊዜ ለካች። ዝም አለች።
"አስራ ሦስት ሚሊሜትር" ብላ ጻፈች።
"ከልኩ ያለፈ ነው። ሩጫም ያወፍራል፣
በሽታም ያወፍራል፤
ከግድግዳው ብቻ ማን ለይቶ ያውቃል?"

ያኔ ትዝ አለኝ የጉርሜሳ ቤት።
ጉርሜሳ ዝናብ ይፈራል። ክረምት በመጣበት
ከውስጥ በኩል ጭቃ እየደረበ፣ እየደረበ፣
ግድግዳው ሲደልብ ጓዳው እየጠበበ፣
በስተመጨረሻ አልጋው አልገባ አለው።
ጎረቤቱ ዋቆም ግድግዳ አወፈረ፤
እሱ ግን ልጅ በልጅ ላይ ሲወልድ፣ ወደ ውጭ ገፍቶ ነው።
ከመንገድ ለሚያይ ሰው ሁለቱም አንድ ናቸው።

"ዶክተር፣" አልኳት፣ "ባልማርም፣ ግድግዳውን ተይው፤
ጓዳውን ለኪልኝ። ባዶውን ንገሪኝ፤
ሰው የሚኖረው እዚያ ነው።"

"እሱን ልለካ ነበር" አለች፤ ሳቅ አመለጣት።
ልቧ ደም እስኪሞላ ጠበቀች፣
ከዳር ዳር አሰመረችበት።
"ሃምሳ ሰባት!
ሰፊ ነው። የወፈረውም ደም ሊያስተናግድበት።"

ደስታዬን ይዤ ብወጣ፣ ኮሪደሩ ላይ
ቶልቻ ተቀምጧል፣ ወረቀቱን አጥፎ፣ ቁጥሩን እንዳያይ።
የልምምድ ጓደኛዋ። ግድግዳው ያው አስራ ሦስት፤
ጓዳው ግን ሠላሳ ዘጠኝ።
ለአንድ አልጋ እንኳ የማይበቃ ቤት።
ጫማውን ለሰው ሰጥቶ በካልሲ የሮጠ ልጅ፣
"ልበ ሰፊ" ሲሉት የኖረ፣ የሰው ወዳጅ።

ሦስት ወር እረፍ አሉት። አረፈ።
የሯጭ ግድግዳ ሲያርፍ ይሳሳል አሉ፤
የሱ ፍንክች ሳይል ሦስቱም ወር አለፈ።
ሌላም ምርመራ አደረጉለት፣ ሌላም ሐኪም አየው፤
የወንድሙንም ልብ አስመጥተው ለኩት።
ያንን እሱ ይንገራችሁ፣ የኔ ወሬ አይደለው።

አሁን ከኔ ጋር ይውላል። ድንጋይ አላሸክመውም፤
የሜትሩን ጫፍ ይይዛል፣ ሌላ ሥራ የለውም።
ቤት ልንለካ ስንገባ ከውስጥ ነው የሚጀምረው፤
ለምን ብዬ አልጠየቅሁት፣ እሱም አልነገረኝ፣
ዝም ብለን ነው።

ሌንሴ በመንገዱ ስታልፍ፣ ትንፋሿ በውርጩ ሲጨስ፣
ቁጥሩን ይረሳዋል፣ ከኩርባው ጀርባ እስክትደርስ።
እኔም አልጠራውም።
ሜትሩ በመካከላችን ተወጥሮ
ትንሽ ይርገበገባል።