ክር ቀጣይዋ

ሃያ ስምንት ዓመት ኮምቦልቻ፣ ከፈትል ክፍል ቆሜ፣
የተበጠሰ ክር ስቀጥል ነው ያለቀው ግማሽ ዕድሜዬ፣ ቅልጥሜ።
እጄ የምታውቀው ማገናኘት ነው፤ አውራ ጣትና ሌባ ጣት
ጠምዘዝ አርገው ለቀቅ፤ መቁረጥን ማን አስተማራት?

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን፣ ቦርከና ዳር ካለው ችግኝ ጣቢያ፣
አንዲት ቡገንቪላ ገዛሁ ለግቢዬ መግቢያ።
አምስት እግር ነበራት፣ ሁሉም ወደየፊናው የሚሮጥ፣
አንዱ ወደ አጥሩ፣ አንዱ ወደ ቧንቧው፣
አንዱ እንደ ሰነፍ ተማሪ መሬት ላይ የሚቀመጥ።

«ዛፍ ትሁንልኝ» ስለው ይመር፣ «ይቻላል፣ ከጨከነ ልብሽ፤
ቀጥ ያለውን አንዱን ምረጪ፤ አራቱን ይብላው መቀስሽ።»

ቀጥ ያለው ግን አንድ አበባ አልነበረውም።
ያበበው ጠማማው ነው።

መቀሱን በአልኮል ጠረግሁ፣ በሽታ እንዳይጋባ፤
ሦስት ቀን ዞርኳት ሳልነካት፣ ስወጣ፣ ስገባ።
በአራተኛው፣ የፋብሪካው ጡሩምባ ሲጮህ ለተረኛ፣
ልማድ ሆኖ እጄ ተነሣች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስተኛ፤
አራተኛው ያ ያበበው ነው።
ዓይኔን ጨፍኜ ነው መሰለኝ። እሾኹ ወጋኝ።
ደግ አደረገ።

ለቀረችው ሽመል ተከልኩ፣ ከሥሯ አንድ ጋት ራቅ አድርጌ፣
አሰርኳትም፣ ከሣጥን ሥር የአቡጀዴ ቁራጭ ፈልጌ፤
ስምንት ቁጥር ነው አስተሳሰሩ፣ መሃሉ ትንፋሽ ያለው፤
ጠብቆ የታሰረ ግንድ፣ ሲወፍር ገመዱ ነው የሚገድለው።
ከጉልበቷ በታች የሚያቆጠቁጠውን በጥፍሬ ገነጠልኩ፤
ቅጠሏን ግን ሁሉን አልነካሁም፤ የምትበላበት ነው፣ እኩሉን ተውኩ።

ጦይባ ባጥር ብቅ ብላ፣ «ምነው እቴ፣ በትር ተከልሽ?
ለማን ነው ይኼ ከዘራ? አንቺ እንደሁ ገና አልጎበጥሽ!»

ክረምት ገባ። ከሐረጎ ቁልቁል የሚወርደው ነፋስ
ሲያጎነብሳት አደረ፤ ሽመሉ እንቢ አለ።
በዓመቱ ደረቴ ላይ ስትደርስ ጫፏን ቀነጠብኩት።
ይኼኛው አላስጨነቀኝም። ወይ ለምጃለሁ፣ ወይ አርጅቻለሁ።
ወር ሳይሞላ ከቁርጡ ሥር ሦስት ክንድ ወጣ፣
እንደ ተረኛ ሴቶች ከበሩ ላይ ሲበተኑ፣
አንዷ ወደ ገበያ፣ አንዷ ወደ ቤቷ፣
አንዷ ወዴት እንደሁ ሳትነግረን።

ያ ያበበው ጠማማ? አልጣልኩትም።
በዱቄት ወተት ጣሳ አፈር ሞልቼ
ከበርሜሉ ኋላ ሰክቼው ነበር፣ ለይመር ሳልነግረው።
ዘንድሮ ጦይባ በር ላይ ነው፤
እንደ ልቡ ተጣሞ፣ ቆርቆሮውን ወጥቶ፣
መንገደኛውን በእሾኹ ሻሽ እየነጠቀ ያብባል።

የእኔዋ ገና ናት። በየክረምቱ ከሥሯ ለጋ ትገፋለች፣
እኔም በየጠዋቱ አጎንብሼ እለቅማለሁ።
ጥላዋ ስፋቱ አንድ ሰፌድ ቢሆን ነው።
ትናንት በቀትር የጦይባ ዶሮ አጥሩን ሾልካ መጥታ፣
እዚያች ሰፌድ ውስጥ ክንፏን ዘርግታ ተኛች፣
ጅራቷ ፀሐይ ላይ ቀርቶ።