ፍታው

ዝናብ ነው። እዚህ ዌልስ ዝናብ መቼ ጠፍቶ፤
ይደበድበዋል ጣራውን ከተራራው መጥቶ።
ጣራው የእጄ ሥራ፣
አርባ ዓመት በካባ፣ በመሮ፣ በአቧራ፣
እንደ ዳቦ ቁራሽ የገመስኩት ድንጋይ፤
ዛሬ ግን ተረታሁ ባንዲት መርፌ ላይ።

ግዌንሊያን ወንበሯን ተደግፋ አለች፤
በዓይኗ ትሰፋለች።
ጣቶቿ ተጣመው እንደ ዝንጅብል ሥር፣
ሦስት ክረምት ሆናት ከተለየች ከክር።
ብርድ ልብሱ ግን አለ፣ ከሳጥን ሥር ወጥቶ፣
ገጹ ተገጣጥሞ፣ ገበሩ ተሰፍቶ፣
ጠርዙ ብቻ ራቁት፤ ጥጡ ብቅ ብሎ
እንደ በግ ጠጉር በሽቦ ተንጠልጥሎ።

ሸሚዜን አየሁት፣ በሰርጌ የለበስኩት፣
የልጃችንን የኔስታን ቀሚስ፣ እኔ ያቃጠልኩት
በካውያ፣ ያን ጊዜ፣ ሳምንት የተኳረፍንበት፤
የእናቷንም ሽርጥ፣ እኔን የማትወድበት።
ሁሉም ተቆራርጦ ጎን ለጎን ተኝቷል፣
ጠቡን ረስቷል።

«ሰማያዊውን አምጣ። በሰያፍ ቁረጠው፤
ቀጥ ያለ ግትር ነው፣
ማዕዘን ሲደርስ የሚዞር አንገት የለው።
ሰያፉ ይለምዳል፣ ይሳባል ለኋላ፤
አንተን ያስቸገረህ ያው ነው፤ የዱላ
ዘመድ ነህ» ትላለች። ዝም ብዬ ቆረጥኩ፣
ሦስት ጣት አስፍቼ፤ ጫፍ ከጫፍ ገጠምኩ፣
ለሁለት አጠፍኩት፣ በካውያ ተኮስኩ።

መርቪን፣ ጎረቤቴ፣ በመስኮት አየኝና
«ኢድዋል፣ ጥሎሽ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ ገና
መርፌ ሳልጨብጥ።
ግዌንሊያን «ዝናብ ነው፤ ሂድ ጣራህን ደፍን» አለችው
ሳትገላመጥ።

ጠርዝ እኔም አውቃለሁ። ድንጋይ የሚሞተው
ከመሐሉ አይደለም፤ ጫፉ ነው የሚከዳው፣
ጠጉር የምታህል ስንጥቅ ናት ጅማሬው።
ይህን ብነግራት ማዕዘኑን ዳሰሰች
በአውራ ጣቷ ጀርባ። «ጎበጠብህ» አለች።
«ፍታው።»

ፈታሁት።
እንደገና ሰፋሁት፣
አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ጎን አጥፌ፣
ስፒሉን ደርድሬ፣ በጥርሴ ይዤ መርፌ።
«ፍታው» አለች ደግሞ።

እስረኛ ይፈታል፤ ጋብቻ ይፈታል፤
ሕልም እንኳን ይፈታል።
እኔን ግን ይህቺ ሴት፣ ሃምሳ ሁለት ዓመት፣
አንድ ጠዋት እንኳን አልፈታችኝም በእውነት፤
ክር ብቻ ታስፈታኛለች።

ወደ ጀርባው ገለበጥኩት፤ አሁን ነው ሥራው።
መርፌው ይነክስና ይሰወራል፤ ከታጠፈው
ጨርቅ ሥር ይሄዳል፣ እንደ እኛ በጉድጓድ፣
ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ፤ በጨለማ መንገድ።
ዝምዝማት ማለት ይኸው፦ ውለህ አምሽተህ ሰፍተህ
ማንም ሳያይልህ።

ሦስት ማዕዘን አለፍኩ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ።
በአራተኛው ዝም አለች፤ ያንቀላፋች መሰለኝ።
መርፌው ድንገት ስቶ አውራ ጣቴን ወጋኝ።
አንዲት ነጥብ ቀይ
ነጩ ገበር ላይ።
በመዳፌ ደበቅኋት።

ዓይኗን ሳትገልጥ «ውሃ እንዳትነካው» አለች፣
«ሳሙናም አያስለቅቀው። እናቴ ነግራኛለች፤
የሰውን ደም የሚያጥበው የገዛ ምራቁ ነው።»
ክር አኝኬ አርጥቤ ቀስ እያልኩ ጠረግኩት፤
ደበዘዘች እንጂ ጨርሳ አልለቀቀችም፣
የሰናፍጭ ቅንጣት አህላ ቀረች።

«ፍታው»ን ጠበቅሁ።
እሷ ግን ጎንበስ አለች፣
በማይዘረጋው ጣት እጥፋቱን ሳበች፣
ነጥቧን ሸፈነቻት።
«ማን ያያታል?» አለች። «የኔም አለች አንዲት፣
ከሸሚዝህ በታች፣ ስሰፋው ያን ሌሊት።
ቋጥረው በል።»

ቋጠርኩት። ክሩን በጥርሴ በጠስኩት።
ዝናቡ ጣራው ላይ መንገዱን ቀጠለ፤
አራተኛው ማዕዘን አሁንም ጎብጧል፣
አሁንም እዚያው አለ፤
አላለችም፦ ፍታው።