ከቁጥሩ ሥር

ገንደ ቆሬ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣
ቆርቆሮው ሲንጣጣ ከላይ ከፀሐይ፣
ከጠረጴዛዬ ማዶ ተቀመጠች ፊልሳን፣
እግሯ ወለል ሳይነካ፣ ሳትሰብር ዓይኗን።

ካርድ አነሣሁ፦ በረዶ የከበበው ቤት፣
ጭስ ከጣራው ሲወጣ። «ምን ጎድሏል?» አልኳት።
«ሰው» አለች። «ቤቱ እንዲህ እየተቃጠለ፣
ውሃ ይዞ የሚሮጥ ጎረቤት እንዴት አንድ እንኳ የለ?»

ቅጹ የሚፈልገው የበሩን እጀታ ነበር።
ዜሮ ጻፍኩ። ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ አያፍር።

ቁጥር ወደ ኋላ አስደገምኳት፦ ሰባት፣ ሁለት፣ ዘጠኝ፤
ከንፈሯ በሶማልኛ ሲቆጥር ታየኝ።
ሄዶ፣ ዞሮ፣ በአማርኛ እስኪወጣ፣
የሰዓቴ መርፌ ቀድሟት መጣ።
ሌላ ዜሮ።

ከቁጥሩ ጎን ያለው ሣጥን ጠባብ ነው፤
አንዲት ቃል ትበቃዋለች፦ «ዝቅተኛ»።

ከሰዓት በኋላ ደቻቱን በእግሬ ስሻገር፣
አሸዋ ብቻ፤ ፍየል፣ የተጣለ ጎማ፣ ጠጠር።
ዛሬ የመጣ እንግዳ ሜትሩን ዘርግቶ ቢለካ፣
«ወንዝ የለም» ብሎ ይጽፋል፤
አልዋሸም፣ ለካ።
ደንገጎ ዘንቦ በሌሊት ድምፁን የሰማ ግን፣
አሸዋው ላይ አይሠራም ቤቱን።

ታይዋን ገበያ ጥግ፣ ከእናቷ ጎን አገኘኋት፤
ለአሮጊቷ በኦሮምኛ፣ ለባጃጅ ነጂው በአማርኛ፣
ለእናቷ ደግሞ በሹክሹክታ፣ በቤታቸው ቋንቋ።
የግመል ወተቱን ሰፍራ፣ የሰፈሩን ዱቤ በቃሏ ይዛ፣
አምስት ብር መለሰችልኝ፣ እኔ ተሳስቼ ስገዛ።

ማታ ከዚራ፣ መብራት ሥር፣ ፋይሏን ከፈትኩ።
«ሊቅ ናት» ልል ቃጣኝ፤ እጄን ያዝኩ።
ያም ሌላ ሣጥን ነው፤ ወርቅ ስለ ተቀባ አይሰፋም።
ከአንዲት ልጅ ተነሥቼም
ስለ ሰፈሯ፣ ስለ ጎሣዋ ትንፍሽ አልልም፤
ጭብጥ አሸዋ ይዞ ወንዙን ያዝኩ አይባልም።

ቁጥሩን አልሰረዝኩም። ከሥሩ ግን ጻፍኩ፦
የለካሁት ያልመለሰችውን ነው፤ የማታውቀውን አይደለም።
ቀኑ ማክሰኞ። ሙቀቱ ሠላሳ አራት።
የጠየቅኩበት ቋንቋ፣ ለእሷ ሦስተኛ።
ሥዕሉ፣ አይታው ከማታውቀው አገር።
ፈታኙ፣ ቸኩሎ ነበር።
ልጅቷ ቁርስ ሳትበላ የመጣች ትመስላለች።

ጠዋት እናቷ ባለችበት አነበብኩላት፣
ስለ እሷ ነውና፣ ሳትሰማው እንዳይታሸግ ብዬ።
ጀሪካን ላይ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።
«ደህና ነው» አለች፤ «ይቺን ብቻ አጥፋት።
ቁርስ በልቻለሁ። ፈጢራ፣ ከነማሩ።
ስለ ሆዴ ማን ነገረህ?»

ላጲስ ፈለግኩ፤ አልያዝኩም።
ከደብተሯ መሀል የራሷን አወጣች፣ ግማሹ ያለቀ፤
ሳትሰጠኝ በፊት ግን ጠየቀችኝ፦
«የዚያ ቤት እሳት… ጠፋ?»